የዜሊ ጉንጭ

ፊልም በእጅ የምትቀባው ኦርታንስ አዲሱን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስታየው ደሟ ፈላ። በፊልሙ ውስጥ ካለው አሮጌ ቤት ግድግዳ ወጥታ ገመድ የምትዘለው መንፈስ የገዛ ልጇ ዜሊ ነበረች።

ዜሊን ባለፈው የገና ሰሞን የጉሮሮ በሽታ ቀጥፎባታል። ከዚያ በፊት ግን የፊልም ቤቱ ጌታ ሙሴ ጎድሪ ለተረት ፊልም ብሎ በጥቁር ጨርቅ ፊት ገመድ አዘልሏት ነበር። ተረቱ ሳይሠራ ቀረ። አሁን ያንን ቁራጭ ከሣጥን አውጥቶ በአጋንንት ቤት ፊልሙ ላይ ደርቦ አሳትሞታል። ለእናትየዋ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! ፈቃድ ቢጠይቅ ምላሱ የሚቆረጥ ይመስል።

ብሩሿን ወርውራ ወደ ስቱዲዮው ወረደች። ሙሴ ጎድሪ ከካርቶን በተሠራ ምድጃ ላይ የሸረሪት ድር ያስለጥፋል።

«ልጄን ከዚያ ፊልም ያውጡልኝ፣ እባክዎ» አለችው።

«ማዳም ኦርታንስ፣ አታካብጂ። የእውነት መሞቷን ሕዝቡ በምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ!»

«እንግዲያው ደስ ይበልሽ። ስንቱ ነው ልጁ ፓሪስን ሙሉ የምታስጮህለት?»

«አንተ!» አለችው፤ አክብሮቱን እዚያው ጣለችው። «ልጄ በሕይወቷ ድመት እንኳ አስደንግጣ አታውቅም። አሁን ሞታ ማስፈራሪያ ታደርጋታለህ?»

«አረንጓዴ ለምትቀባው ለሲዶኒ ነግሬያታለሁ፤ መንፈሷ እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ትሁን» አለ ጀርባውን ሰጥቷት። «አንቺ ቀይሽን ሻማው ላይ ቀቢና ዝም በይ።»

ቀለም ቤት ውስጥ አንዷ ሴት አንድ ቀለም ብቻ ነው የምትይዘው። ፊልሙ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዷ ጥፍር በሚያህሉት ሥዕሎች ላይ የራሷን ቀለም ነካ ነካ አድርጋ ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። የሌላዋን ቀለም መንካት ነውር ነው። የኦርታንስ ቀለም ቀይ ነው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ሻማውን ቀባች። ከዚያ አንድም ሥዕል ሳይቀራት የዜሊን ጉንጭ አቀላችው።

ፊልሙ ለሲዶኒ ደረሰ። ሲዶኒ በነገር የምትጠዘጥዝ አሮጊት ናት።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ።»

«ገመድ መዝለል እንኳ በወጉ አላስተማርሻትም። እግሯ ይጠላለፋል።» አሮጊቷ ፊልሙን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር?»

«ሰማያዊ።»

ሲዶኒ አረንጓዴዋን ከደነችና ፊልሙን ሳትነካው ሰማያዊ ለምትቀባው ሴት አሳለፈችው። «በይ አልብሻት» አለቻት።

ፊልሙ በገበያው የትርዒት ድንኳን ሲታይ ኦርታንስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሸራው ላይ አንድ ጺማም መንገደኛ ተንበርክኮ ያማትባል፤ አጠገቡ ጉንጯ የቀላ ሕፃን ሰማያዊ ቀሚሷን እያውለበለበች ትዘላለች።

«አንተ ፈሪ! ሕፃን ያስፈራሃል?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ጎሽ የኔ ቆንጆ፣ ዝለይ!» አለች አንዲት ሴት።

ሙሴ ጎድሪ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። «ጉድ ሠራሽኝ! ሁለተኛ ቀለም ቤት እንዳላይሽ! ይሄንን ቅጂም ዛሬውኑ ነው የማቃጥለው!»

«ይደገም! ልጅቱ ትደገም!» የሚል ጩኸት ከውስጥ ተነሣ። የማሽኑ ሠራተኛ ፊልሙን መልሶ ማጠንጠን ጀመረ።

የኦርታንስ ንዴት አልበረደም። ሰውየውን በክንዷ ገፋችው።

«ዞር በል» አለችው። «ከማቃጠልህ በፊት ልጄን ልይበት።»