ገረሱ ያሳደረው ማሳ

አባይነህን የሰደበው ገረሱ ነው። ባለፈው የካቲት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካ ማዶ በፀሐዬ ቤት ዝክር ላይ፣ ጠላው ገና ሁለተኛ ሳይዞር። «ይኼ ጭንጫ ራስ!» አለ ሽማግሌው ጣቱን ቀስሮበት። «የኔታ ስንት ዓመት ፊደል ዘሩበት፤ አንዲት እንኳ አልበቀለችም!» ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አባይነህ የሳቁትን ሁሉ በየስማቸው ይዟቸዋል። ቀድሞ የሳቀው ደጋሹ ፀሐዬ ነበር።

ዛሬ ያ ጭንጫ ራስ ለምስክርነት ተጠርቷል።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ቃላድ ጣዮች የመለኪያ ገመዳቸውን ዘርግተዋል። አለቃቸው ሠረቀብርሃን በየማሳው ዳር በቅሎውን እያቆመ መሬቱን ይለያል። «ለም» ያለው ግብሩ ይከብዳል፣ ግን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። «ጠፍ» ያለው እንደ ባዶ ተቆጥሮ ለወታደር ይሰጣል። «መካከለኛ» የሚባልም አለ፤ ግብሩ ቀለል ይላል።

አሁን የደረሱት ሁለት ጎን ለጎን ማሳዎች ዘንድ ነው። የፀሐዬ ገብስ ዘለላው ወጥቶ በመስከረም ነፋስ ይዘናፈላል። የገረሱ ግን ሣር ብቻ ነው።

«ይኼ ለም፣ ያኛው ጠፍ» አለ ሠረቀብርሃን ከበቅሎው ሳይወርድ። «አንተ ያገር ሰው፣ ምን ትላለህ? ቶሎ በል እንጂ፤ ገና ብዙ ይቀረናል።»

አባይነህ አፉን ከፈተ። «እውነትዎን ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ከየካቲት ጀምሮ ተኝቶ ሲገላበጥ ያጣት መልስ እነሆ በበቅሎ ተቀምጣ መጣችለት።

ገረሱ ከሣሩ መካከል በትሩን ተደግፎ ቆሟል። አይለምንም። አንዴ ቢለምን ምን ነበረበት?

«ልየው እስቲ» አለ አባይነህ፣ በገዛ ራሱ ተናድዶ፣ ዶማውን እያነሣ።

መጀመሪያ የፀሐዬን ቆፈረ። ላዩ አመድ የቀላቀለ፣ ሥሩ እንደ ገል ስባሪ የቀላ ነው። በምራቁ አርሶ ጨበጠው፤ ተበተነ። ፀሐዬ በበጋው ጓሉን ከምሮ አቃጥሎታል። ይህን ገብስ አባይነህ ያውቀዋል። አባቱም አቃጥሎ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ጎረቤት ያስቀናል፣ የሁለተኛው ለወፍ አይተርፍም፣ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሬሳ ነው። አባይነህ ከየኔታ እግር ሥር የተነሣው በዚያ ችጋር ነው እንጂ ፊደል እምቢ ብሎት መች ሆነ? ግን ማን ጠይቆት!

ወደ ገረሱ ማሳ ተሻገረ። ዶማው ሳይታገል ገባ። ሽማግሌው ሁለት ክረምት ሳያርስ አሳድሮት፣ ማታ ማታ ከብቱን እዚያው እያጎረበት ኖሯል። አፈሩ ጥቁር፣ ሥር የበዛበት፣ ትል የሚርመሰመስበት ነው፤ ፍግ ፍግ ይላል። ሲጨብጠው እንደ ሊጥ ተያዘለት። ምነው በተበተነ! ፈቀቅ ብሎ ቆፈረ፤ ደግሞ ፈቀቅ ብሎ ቆፈረ፣ አንዲት ጠጠር ፍለጋ። ያው ነው።

«እህሳ?» አለ ሠረቀብርሃን።

«ለም ነው» አለ አባይነህ ጥርሱን ነክሶ። «ሣሩን አይዩት፤ መሬቱ አርፎ ነው። ይልቅ ያን ገብስ ለከርሞ ተመልሰው ይዩት።»

«ምስክሩ አንተ ነህ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ለም!»

ገመዱ ተጎተተ። አባይነህ ቀና ሲል ገረሱ ፊቱ ቆሟል። ምስጋና አልጠበቀም። ዝም ቢለው ይበቃው ነበር።

«ለም!» አለ ገረሱ። «ጎተራዬን የሚያራቁት ግብር ጫንክብኝ! መካከለኛ ነው ብትል ምላስህ ይቆረጥ ኖሯል? አላልኩም? ጭንጫ ራስ!»

ቃላድ ጣዮቹ ሳቁ። ቀድሞ የሳቀው ግን፣ ዛሬም፣ ከገብሱ ዳር የቆመው ፀሐዬ ነው።

አባይነህ ወደ ገብሱ አየ፣ ወደ ሣሩ አየ። መልስ ነበረው። ዶማውን ትከሻው ላይ ጣለና አቀበቱን ተያያዘው። አናቱ ላይ ካሉት ጽዶች ዘንድ ሲደርስ ግራ እጁ አሁንም እንደተጨበጠ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል የገረሱ አፈር ጠቁሮ ይታያል።