ኔስቶር ያሳደጋቸው

«እትዬ ሊጋያ! ኧረ መጥረጊያውን ጣዪው! ሌላ ሰው ጠርገሽ ልታስወጪብን ነው እንዴ?»

ሊጋያ ባለችበት ቆመች። መጥረጊያው እጇ ላይ ነው፤ መቼ እንዳነሳችው ግን አታውቅም። የአጎቷ ልጅ ሚስት ሮዌና ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ ጭልፋዋን እንደ ጣት እየቀሰረች ትቆጣታለች። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እጄ ነው ያነሳው፣ እኔ አይደለሁም» አለችና መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ መለሰችው።

አስከሬን ባለበት ቤት አይጠረግም፤ ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ይህን ከሮዌና ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ እናቷንም አባቷንም ከዚሁ ሳሎን፣ ከዚሁ መስኮት ሥር ሸኝታለች። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርግ የኖረች ሴት፣ የሐብሐብ ፍሬ ቅርፊትና የኦቾሎኒ ገለባ ወለሉ ላይ እየተከመረ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ ስትባል እንዴት ትሁን? እንግዳውን ማመስገን ነውር ነው። ሲሄድ እስከ በር መሸኘትም ነውር ነው። ገላ መታጠብ እንኳ ካስፈለገ ጎረቤት ቤት ነው። የሐዘንተኛ ሥራ መቀመጥ ብቻ ነው፤ ሊጋያ ደግሞ ሁሉን ስትማር መቀመጥን አልተማረችም።

ታናሽ ወንድሟ ኔስቶር መስታወት በተገጠመለት ነጭ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ከቀብር አስፈጻሚው የመጡት መብራቶች ግራና ቀኝ ቆመው ፊቱን ቢጫ አድርገውታል። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ አብጦ የነበረው ጉንጩ ጎድሎ የድሮ መልኩ ተመልሷል። መልኩን ለማግኘት መሞት ነበረበት ማለት ነው፣ ብላ አሰበች ሊጋያ፤ በሐሳቧም ተናደደች።

ከኋላዋ ሹክሹክታው ቀጥሏል።

«ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ አለፈ እኮ ዕድሜው።»

«እሷንስ ቢሆን ይዟት ቀረ አይደል? ሆንግ ኮንግ ሄዳ ቢሆን ይሄኔ ባለ ፎቅ ነበረች።»

«ተይ፣ ትሰማሻለች።»

ትሰማለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሴቶቹ ድምፅ ደግሞ ለሹክሹክታ አልተፈጠረም። ብትቆጣ ደስ ባላት፣ ግን ለቁጣም አቅም ያስፈልጋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እሷም እንደዚያው ታስብ ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ በሸራው ጥላ ሥር፣ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ከመካከላቸው የአጎቷ ልጅ ኤፍሬን ተነስቶ ገባና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የሚለምን ሰው አቀማመጥ ነው።

«እትዬ ሊጋያ፣ ጊዜው አይደለም እንጂ… ያ የኔስቶር ላፕቶፕ። ትልቋ ልጄ ለትምህርት ትፈልጋለች። ውስጡ ያለውን ጌም ምናምን አጥፍቼ…»

«ውሰደው።»

«ከቀብሩ በኋላ ማለቴ ነው። ካልከፋሽ።»

«ውሰደው አልኩህ እኮ ኤፍሬን። ቡና ጠጣህ?»

አልጠጣም። ሦስት በአንድ የሚባለውን የቡና ፓኬት ቀድዳ በወረቀት ኩባያ በጠበጠችለት፤ ቢያንስ ይህን አትከለከልም።

እናታቸው ስትሞት ኔስቶር ጫማውን ማሰር አይችልም ነበር። ሊጋያ የሆንግ ኮንጉ የሥራ ወረቀቷ አልቆላት፣ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር። ሻንጣው እዚያው ቀረ፤ በኋላ ዶሮ ጫጩት አሳደገበት። እሷ ሳን ፓብሎ ገበያ ዓሣ መሸጥ ጀመረች፤ እሱ አደገና ኢንተርኔት ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን እነዚያን የላፕቶፕ ፍጥረቶች ይዞ መጣ።

እንቁላል ፈልፍለው የሚወጡ፣ ድመትም ሕፃንም የሚመስሉ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጅራታቸው ረጅም ፍጥረቶች ናቸው። በሌላው ጌም ሰው ይነዳል፣ ይተኩሳል፤ እነዚህን ግን ማዘዝ አይቻልም። ይርባቸዋል፣ ይታመማሉ፣ ይጣላሉ፣ አርጅተው ይሞታሉ። ሰው ማድረግ የሚችለው ማብላት፣ ቃል ማስተማር፣ ደግ ሲሠሩ መዳበስ፣ መርዛም እንጉዳይ ሊበሉ ሲሉ ደግሞ አፍንጫቸውን ቸብ ማድረግ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሲዘጋ ይተኛሉ። ሲከፈት ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አንድ ማታ ሊጋያ እግሯ አብጦ፣ የዓሣ ቅርፊት ፀጉሯ ላይ ደርቆ ስትገባ ኔስቶር እየዘለለ ተቀበላት።

«እትዬ! ተናገረ! ተናገረ እኮ!»

ከልጅነቱ ጀምሮ ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ እትዬ ብቻ ነው።

«ማነው የተናገረው?»

«ቡኮ! ያ ቀዩ! ራበኝ አለ!»

«እኔም ርቦኛል። እኔን ማን ይስማኝ?»

ፈገግታው ጠፋ። ተነስቶ ሩዝ ጣደና አሳረረው። ያረረውን ሩዝ በሉት፤ ቆይታ እሷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። አሁን ስታስታውሰው ያ ሩዝ ጥሩ ነበር።

ኤፍሬን ላፕቶፑን በጠየቀ ማግስት፣ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ባስተኛበት ሰዓት፣ አንዲት አሮጊት ዣንጥላ ተመርኩዛ ገባች። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ወደ ሣጥኑ ሄዳ መስታወቱን በመዳፏ ዳሰሰችና ወደ ሊጋያ ዞረች።

«እህቱ ነሽ አይደል? አፍንጫችሁ አንድ ነው። ፔላጊያ እባላለሁ። ኩላሊት እጥበት ላይ ከእሱ አልጋ ቀጥሎ ያለችው እኔ ነኝ።»

ሊጋያ የእጥበቱን ክፍል የምታውቀው ከበሩ ነው። ማክሰኞና አርብ እዚያ ታደርሰውና ዓሣው ሳይበላሽ ወደ ገበያ ትሮጣለች፤ ሲያበቃ ተመልሳ ትወስደዋለች። ውስጥ ምን እንደሚውል ጠይቃው አታውቅም።

«ይቀመጡ እማማ። ሾርባ ላምጣልዎ? የሺፈራው ቅጠል የለበትም፤ በሐዘን ቤት እሱ አይበላም።»

«ሾርባው ይቆይ። ትንንሾቹ እንዴት ናቸው? በልተዋል?»

«የትኞቹ ትንንሾች?»

«ቡኮና ልጆቹ ናቸዋ! ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማን እያያቸው ነው?»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ግማሽ ቀን ሙሉ ቱቦ ክንድሽ ላይ ተሰክቶ ጣሪያ ማየት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደምሽ ወጥቶ ሲዞር እያየሽ። ኔስቶር ላፕቶፑን መሐላችን ያስቀምጠዋል። ነርሶቹ ሳይቀሩ ይሰበሰባሉ። ያ ጡረተኛ ፖሊስ፣ ለሰው ሰላምታ የማይሰጠው ሰውዬ፣ እንቁላሉ ሊፈለፈል ነው ሲባል አልጋዬን አስጠጉልኝ አለ። ሴት ከወጣች በሚስቴ ስም ጥሯት ብሎ አለቀሰ። በዚያ ክፍል ሰው ሲቀንስ ነው የምናየው የኔ ልጅ። ላፕቶፑ ውስጥ ግን ይወለድ ነበር።»

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

ሊጋያ አሮጊቷን ወደ ኔስቶር ክፍል ይዛት ገባች። ፔላጊያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን በለመደ እጅ ከፈተችው። የአትክልት ቦታ ወጣ፤ ካሮት፣ ኳስ፣ አንድ ትንሽ ኩሬ። ቀዩ ፍጥረት ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። ሁለት ትንንሾች ጅራቱ ላይ ተጋድመዋል።

«አርጅቷል» አለች ሊጋያ ሳታስበው።

«እኛስ? በይ ማውዙን ያዢ። ያቺ ነጯ እጅ አንቺ ነሽ።»

እስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ እጅ ትንሳፈፋለች። ሊጋያ ማውዙን የሚናከስ ይመስል በፍርሃት ገፋ አደረገችው፤ እጇ ወደ ዛፉ ሄደች። ቡኮ ዓይኑን ገለጠ። እጇን አየ። ተነስቶ እያነከሰ ወደ እጇ ሮጠ፤ ከራሱ በላይም ቃል ብቅ አለ።

እትዬ።

ትንንሾቹ ተከትለው መጡ። እትዬ። እትዬ ራበኝ።

ሊጋያ ማውዙን ለቀቀችው።

«ማንን ነው የሚሉት?»

«እጇን። ሁሉንም ያስተማራቸው እንደዚያ ነው፤ የሚወለዱትም ከትልልቆቹ ይማራሉ። አንድ ቀን፣ አንተ አይደለህ እንዴ የምታበላቸው፣ ለምን በራስህ ስም አልጠራሃትም ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የምታበላ እጅ እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ሌላ ስም አላውቅላትም› አለኝ።»

ሊጋያ ከሞቱ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ጎረቤት ሁሉ ያንን ልብ ብሎ፣ ደንግጣ ነው ሲል ከርሟል። ደንግጣ አይደለም፤ ደክሟት ነው። አሁን ግን እንባዋ ያለ ድምፅ መውረድ ጀመረ፤ በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው፤ መልሶ ወረደ። እነዚያ ፍጥረቶች እጇን ከበው ራበኝ ይላሉ። ካሮቱን እንዴት እንደሚያነሱት እንኳ አታውቅም።

«ማክሰኞ ታመጪልናለሽ?» አለች ፔላጊያ። «ትተሽልን ሂጂ፤ እኛ እናያቸዋለን። ማታ ማታ ግን ቤት የሚያሳድራቸው ያስፈልጋል።»

«አልችልም እማማ። ለኤፍሬን ሰጥቼዋለሁ። ያጠፋቸዋል።» ክዳኑን በቀስታ ዘጋችው። «እንደማልችል ለራሱ ለኔስቶርም ነግሬዋለሁ።»

ነግራዋለች። በመጨረሻው ሳምንት፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣ እግሩን በሎሚ ሣር ውኃ ስታጥብለት ነበር።

«እትዬ፣ ልጆቹን አደራ።»

ልጆቹ ማለቱ እነማንን እንደሆነ ገብቷታል። እናታቸውም ስትሞት አደራ ብላለች። አባታቸውም ብሏል። በዚህ ቤት የሚሞት ሁሉ አደራውን የሚጥለው እሷ ላይ ነው።

«ደክሞኛል ኔስቶር። ከእንግዲህ ነፍስ ያለውን ይቅርና ነፍስ የሌለውንም አልጠብቅም።»

«እሺ እትዬ» አለ፤ ፈገግም አለ። ተከራክሯት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

ፔላጊያ አልተጫነቻትም። ዣንጥላዋን ፈልጋ ተነሳች። «ደክሟታል ይለን ነበር» አለች ብቻ። «አንድ ቀን እንኳ አማርራ አታውቅም፣ ግን ደክሟታል ይል ነበር።» ከዚያ ወጣች። ሊጋያ ልትሸኛት አይፈቀድላትም። አሮጊቷ ደረጃውን በአንድ እግሯ እየወረደች፣ ሌላውን እያስከተለች፣ እያረፈች ስትሄድ ኮቴዋን ቁጭ ብላ አዳመጠች።

የቀብሩ ጠዋት ቤቱ ከሰው ሞላ። ኤፍሬን ላፕቶፑን በጥቁር ቦርሳ አድርጎ ትከሻው ላይ አንግቷል፤ ከመቃብር በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ሊጋያ ቦርሳውን አየችው። ሣጥኑ ተዘጋ። ተሸካሚዎቹ ከማንሳታቸው በፊት የሰፈሩ ጸሎት መሪ፣ ሌላ አሮጊት፣ መቁጠሪያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ተጣራች።

«ሕፃናቱን አሻግሩ! ማንም እንዳይቀር!»

የቤተሰቡ ትንንሾች ከሣጥኑ በዚህ ወገን ከቆመ ሰው ወደዚያ ወገን፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ በሟቹ ላይ ይሻገራሉ። እንዲህ ከተሰናበቱት፣ የሚወዳቸው ሟች በናፍቆት ተመልሶ አያስደነግጣቸውም። ኤፍሬን ትንሿን ልጁን ክላሪሳን ከዚያ ማዶ አንስቶ ዘረጋት፤ ሮዌና ተቀበለቻት። «ክላሪሳ ናት፣ ኔስቶር! በሰላም ሂድ፣ እሷን ተዋት!» የጎረቤት መንትዮች ቀጠሉ። አንዱ መሐል ላይ ሲደርስ ስቆ ሰዉን አሳቀው።

«ሌላ ሕፃን አለ?» አለች ጸሎት መሪዋ።

ሊጋያ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። «ያልወለደ ሰው፣ ምን ልጅ ይኖረዋል?»

«አለ» አለች ሊጋያ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«ኤፍሬን፣ ቦርሳህ ውስጥ ያለውን አውጣው።»

«አሁን? እትዬ ሊጋያ፣ ምን ልታደርጊው…»

«አውጣውና በላዩ አሳልፈህ ስጠኝ።»

«ለልጄ ብለሽ ሰጥተሽኝ የለም እንዴ?»

«ለልጅህ ሌላ እንፈልግላታለን። እነዚህ ሰው አላቸው።»

ኤፍሬን ወደ ሮዌና አየ። ሮዌና ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር፤ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀችለት። ላፕቶፑን አወጣ። አንድ ሰው ከኋላ መሳቅ ሲጀምር ጎኑን ተጎሸመ። ኤፍሬን በነጩ ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ ዘረጋው።

«ስማቸው ይጠራ» አለች ጸሎት መሪዋ፤ ለእሷ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው።

«ቡኮ ነው፣ ኔስቶር» አለች ሊጋያ። «የሁለቱን ትንንሾች ስም አላውቅም። ማክሰኞ እጠይቅልሃለሁ።»

ጎንበስ አለችና፣ አንገቱ ያልጠና ሕፃን እንደሚቀበሉት፣ አንድ መዳፏን ከሥሩ አግብታ ተቀበለችው።