ሁለት እርሳስ

1.

ከፊት ወንበር ግን ጋልገሎ ነበር የሚቀመጠው።

ይፍሩ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ጋር።

ታሪኩ ከዚህ የሚጀምረው ይፍሩ ሁልጊዜ ከዚህ ስለሚጀምረው ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ያ የላንድሮቨር ወንበር አሁንም ይታየዋል። ቆዳው በግራ በኩል ተቀዷል፣ ስፖንጁ ወጥቷል። ሰው ተቀምጦበት የሚደላው ወንበር አልነበረም።

ቢሆንም የፊት ነው።

2.

ማን ማን እንደሆነ፣ አንባቢ ኋላ እንዳይቸገር፦

ይፍሩ ቸርነት። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የማዕድን ናሙና መጋዘን ጠባቂ። ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል፤ ቁልፉን የሚረከብ ሰው ስላልተገኘ በኮንትራት ቆይቷል። የተማረው እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው። ይህን ሰው ሳይነግረውም ያውቃል፤ ሰው ሲነግረው ግን ደስ ይለዋል።

ጋልገሎ ጃተኒ። በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። የቦረና ሰው፣ በ1978 ዓ.ም. የአሰሳ ቡድኑ መንገድ መሪ። ማንበብ አይችልም። ድንጋይ ግን ከመኪና ላይ ሆኖ ይለያል።

ኢንጂነሩ። የቡድኑ አለቃ። ሞቷል። ስሙ እዚህ አያስፈልግም። ወደ ፊት ወንበር ማን እንደሚመጣ የሚወስነው እሱ ነበር፤ ወደ ታሪኩ የገባውም ለዚሁ ነው።

ቤዛዊት። ጂኦሎጂስት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም።

3.

ቤዛዊት ሰኔ ዘጠኝ ቀን ወደ መጋዘኑ የመጣችው አንድ ወረቀት ይዛ ነው። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባቸው፣ ካልገቡ ፋብሪካ የሚያስቆሙ አሥራ አንድ ማዕድናት ተዘርዝረውበታል። ሰባቱ ላይ መስመር ተሰምሯል። እነዚያ በአገር ውስጥ ተገኝተዋል፣ ወይም እንደማይገኙ ተረጋግጧል። አራተኛው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ።

ግራፋይት።

ባትሪ ያለ እሱ አይሠራም። ብረት የሚቀልጥበት ማሰሮም ያለ እሱ አይሠራም። አምና መርከብ ዘግይቶ አንድ የብረት ማቅለጫ አራት ወር ሙሉ ምድጃውን አጥፍቶ ተቀምጧል፤ ሠራተኞቹ ግቢ ውስጥ ዳማ ሲጫወቱ ከረሙ። አሁን ከውጭ አቅራቢ ጋር የአሥር ዓመት ውል ተዘጋጅቷል። እስከ ሰኔ ሠላሳ በአገር ውስጥ ቦታ ካልታየ ይፈረማል። ከተፈረመ በኋላ ለአሥር ዓመት የሚፈልግ አይኖርም፤ የሚፈልግበት በጀትም አይኖርም።

ሃያ አንድ ቀን ቀርቷል።

4.

የተባለው እንደተባለ፦

ቤዛዊት፦ ጋሽ ይፍሩ፣ ግራፋይት የሚል ጆንያ አለ?

ይፍሩ፦ የለም።

ቤዛዊት፦ ሳያዩ?

ይፍሩ፦ አራት ሺህ ሁለት መቶ ጆንያ ነው። ሁሉም ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትን አውቃለሁ።

ቤዛዊት፦ እሱንማ ሁሉም ይላል። የጋሽ ይፍሩ መለያ ተሳስቶ አያውቅም ይላሉ።

ይፍሩ፦ ማን ነው ያለው?

ቤዛዊት፦ ሁሉም። እኔ ግን ምናልባት በሌላ ስም ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ነው። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እጅ ያቆሽሻል። ወረቀት ላይ ቢያሹት ይጽፋል።



ይፍሩ፦ ሻይ ትጠጫለሽ?*

ቤዛዊት፦ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።

ይፍሩ፦ ድገሚ።

* ይፍሩ ለሰው ሻይ ጋብዞ አያውቅም። መጋዘኑ ውስጥ የሻይ ማፍያም የለም።

5.

ጆንያ ላይ መለያ ስትጽፍ፦

ሀ. በእርሳስ ጻፍ። ቀለም በላብ ይፈሳል።

ለ. ድንጋዩን ያገኘው ሰው የሚለውን ስማ።

ሐ. ያለውን ጻፍ። ከራስህ አትጨምር።

መ. ያለው ነገር ሁለት ትርጉም ካለው መልሰህ ጠይቅ።

ሠ. ያገኘው ሰው ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ከሆነ «መ»ን ዝለል።

6.

የካቲት 1978። ኢንጂነሩ በወባ ወድቆ ነገሌ ተኝቷል። ካምፕ ውስጥ የቀሩት ይፍሩ፣ ጋልገሎና ሾፌሩ ናቸው። ሾፌሩ መኪናው ሥር ይተኛል። ይፍሩ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መለያ ይጽፋል። ጋልገሎ ግን ማንም ሳይልከው ንጋት ላይ ወጣና ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። በሽርጡ ጫፍ ድንጋይ ቋጥሯል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«እይ» አለው።

ከይፍሩ ጉልበት ላይ አንዱን ወረቀት አነሣና በድንጋዩ ጫረበት። ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ወጣ። ጋልገሎ ፊደል ስለማያውቅ መስመሩ መስመር ብቻ ነው። እሱ ግን ስሙን የጻፈ ያህል ሳቀ።

«እርሳስ ነው» አለ። «ኮረብታው እንዳለ እርሳስ ነው። ኢንጂነሩ ሲድን ይደሰታል።»

ይፍሩን የወጋው ድንጋዩ አይደለም፤ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ኢንጂነሩ በጋልገሎ ሲደሰት ምን እንደሚመስል አይቷል። የሰርዲን ቆርቆሮ ይከፍትለታል። የራሱን መዶሻ ያውሰዋል። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጋልጌ» ይለዋል። ይፍሩን የሚጠራው «አንተ ጸሐፊው» እያለ ነው። ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ስሙን ይወቀው አይወቀው እንኳ እርግጠኛ አይደለም።

የተጫረበትን ወረቀት ጨመዳደደና ጣለው። አዲስ ወረቀት አወጣ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ እንዲህ ጻፈ፦

ናሙና 117። እርሳስ። ቦታው፦ ጋልገሎ እንዳሳየው።

አሁን አንባቢ ቆም ይበል። ጥይት የሚሠራበት፣ ከባዱ ብረት እርሳስ ይባላል። የሚጻፍበትም እርሳስ ይባላል። አማርኛ ለሁለቱ አንድ ስም ነው የሰጠው። ይፍሩ ይህን ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው የማዕድን መርማሪ መለያውን ሲያነብ ደብተርና ላጲስ እንደማይታየውም ያውቃል። አንድ ቃል ቢጨምር ይበቃ ነበር። «መጻፊያ» ቢል።

7.

አልጨመረም።

8.

ጆንያው ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ሄደ። ኢንጂነሩ ድንጋዩን አላየውም፤ እሱን ከነገሌ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ነበር የወሰዱት። መለያው እዚያ በእንግሊዝኛ ተገለበጠ፣ ብረቱ እርሳስ ተብሎ። ከድንጋዩ ጥቂቱ ተፈጨ፤ የቀረው ከነጆንያው መጋዘን ገባ። የተጠየቀውን ብቻ መረመሩ። ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቱ መጣ፦

ናሙና 117። የተጠየቀው፦ እርሳስ። ውጤት፦ የለም።

«ኮረብታ ሙሉ ብሎ ነበርኮ» አለ ኢንጂነሩ። «ባዶ ድንጋይ ነው ያስጫነን።»

ጋልገሎም ወረቀት የለም ካለ የለም ይሆናል ብሎ ተቀበለ። በሚቀጥለው በጋ አልተጠራም። ከፊት ወንበር ይፍሩ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ደስ አለው ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ ያምን ነበር። ግን ኢንጂነሩ አላዋራውም። መንገድ ሙሉ በመስኮት እያየ ይሄዳል። አንድ ቀን ብቻ ተናገረ።

«ጋልጌ ቢኖር የዚያን ኮረብታ ስም ይነግረን ነበር።»

9.

ይፍሩን በመጨረሻ ያናገረው የአገር ፍቅር አይደለም። የመርከቡ መዘግየትም የአሥር ዓመቱ ውልም አይደለም። ለሦስት ቀን ዝም ብሎ፣ ቤዛዊት ጆንያ በጆንያ ስትፈታ እያየ ሰንብቷል። በአራተኛው ቀን አቧራዋን እያራገፈች እንዲህ አለች፦

«የሌላው ቅርንጫፍ ጠባቂ፣ ጋሽ ተሾመ፣ ከዝርዝሩ ሰባተኛውን ያገኘው እሱ ነው። ከአንድ የተረሳ ጆንያ ውስጥ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።»

ተሾመን ያውቀዋል። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ይፍሩ ተነሣ። መሰላል አላስፈለገውም። አሥራ ዘጠነኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ከግድግዳው ጥግ። ጆንያውን ያለበት ቦታ ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው።

10.

ቤዛዊት ድንጋዩን በዝርዝሯ ጀርባ ላይ አሸችው። ጻፈ። ደጋግማ አሸች። ከዚያ መለያውን አነበበች።

«እርሳስ ይላል።»

«አዎ።»

«ብረቱ ነው የመሰላቸው።»

«የአዲስ አበባዎቹ ናቸው።»

«ጋሽ ይፍሩ፣ እርስዎኮ ትክክል ነበር የጻፉት።» ሳቀች። «ቦታው፦ ጋልገሎ እንዳሳየው። ይሄ ምን ዓይነት አድራሻ ነው? ጋልገሎ ማን ነው?»

«መንገድ መሪ ነበር።»

«አለ?»

«ሞቶ ይሆናል።»

እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረ። ራሱም ሰማው።

11.

አልሞተም።

12.

ሁለት ቀን ተጉዘው ደረሱ። ጋልገሎ በረቱ በር ላይ ግመሎች እያጠጣ ነበር። ቀና ብሎ አየ፣ እንደገና አየ፣ ባልዲውን አስቀመጠ።

«ጸሐፊው» አለ። «አርጅተሃል።»

«አንተስ?»

«እኔ ያኔም ሽማግሌ ነበርኩ፤ አንተ ነህ ያላየኸው።» ወደ ቤዛዊት ዞረ። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ይስቅ ጀመር ወይስ እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው መሰለኝ፣ አባባ።»

«ይገርማል። የበላው ሰርዲን ያነሰ ይሆን?»

ጥርሱ ሙሉ ነው። ይፍሩ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው። እሱ ከታች አራት ወልቀውበታል።

ቤዛዊት የመጡበትን ነገረችው። ጋልገሎ ከዘራውን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነውና ከፊት ተቀመጠ። ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልተከራከረም። ይፍሩ በሩን ከፍቶ ከኋላ ገባ።

13.

ኮረብታው ጥቁር ነው። ዝናብ በሸረሸረበት ቦታ ሁሉ ያብረቀርቃል። ቤዛዊት በእርምጃ ለካች፣ ሠላሳ ደረሰች፣ መቁጠሯን ትታ ተንበረከከች።

ቀና ስትል ጋልገሎን ጠየቀችው። «አባባ፣ ያኔ ምን ነበር ያሉት?»

«እርሳስ።»

«ብረት ነው ብለው ነበር?»

«የምን ብረት? የሚጻፍበት እርሳስ ነዋ። አማርኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው።» በከዘራው ወደ ይፍሩ ጠቆመ። «ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር የሚዞረው። ይሄ ምንድን ነው አልኩት። እርሳስ አለኝ። ሌላ እርሳስ እንዳለ ዛሬ ከአንቺ ነው የሰማሁት።»

ቤዛዊት ወደ ይፍሩ ዞረች። አተኩራ አየችው።

ጋልገሎም ያንን አስተያየት አየ። ድንጋይ የሚለይ ዓይን ነው፣ ሰውንም ይለያል።

«ጥፋት የለበትም» አለ። «ያልኩትን ጻፈ። ጽሕፈቱ ደግሞ ቆንጆ ነበር።»

አንባቢ ይፍሩ እዚህ ላይ እፎይ ያለ ይመስለው ይሆናል። ይፍሩን ያቃጠለው ግን ይኸው ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ይዞ ኖሯል፤ ይዞት ተኝቷል፣ ይዞት ተነሥቷል። የተበደለው ሰው ግን ግመሉን ሲያጠጣ፣ ሲያገባ፣ ሲስቅ ኖሯል። አንድም ቀን አልተሸከመውም። አሁን ደግሞ ይቅርታውን ሳይጠየቅ ሰጠ፣ ያውም ሰው ፊት። ይህችንም ቀደመው።

14.

ቤዛዊት ከቦርሳዋ ቅጽ አወጣች። የቀድሞ መዝገብ ማረሚያ ይላል። ያለ እሱ የድሮው ናሙና ለኮሚቴው አይቀርብም።

«እርስዎ ይሙሉት» አለችው። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

ይፍሩ ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦

የናሙና ቁጥር፦ 117

የቀድሞ ስም፦ እርሳስ

የታረመ ስም፦ ግራፋይት

ያገኘው፦ ጋልገሎ ጃተኒ

መለያውን የጻፈው፦ ይፍሩ ቸርነት

አራተኛውን መስመር ሲጽፍ ፊደሉ አልተበላሸም። ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ አይቀበሉም» አለች ቤዛዊት።

«የአዲስ አበባዎቹ ተሳሳቱ ብለህ ጻፋ» አለ ጋልገሎ። ማንበብ ባይችልም፣ እጅ የት ላይ እንደቆመ ያያል። «ማን ይጠይቅሃል?»

ማንም አይጠይቀውም። እውነቱን ነው። ጋልገሎ አይናገርም፤ ቤዛዊትም ቦታውን አግኝታለችና ምናልባት ዝም ትላለች። እንዲያ ብሎ ከጻፈ ስሙ እንደነበረ ይኖራል፤ ግን ጋልገሎ የሰጠው ስም ሆኖ ይኖራል።

«ፀሐዩ በረታ» አለ ጋልገሎ። «ጻፍ እንግዲህ።»

ይፍሩ ጻፈ።

15.

የስህተቱ ምክንያት፦ ሁለት እርሳስ መኖሩን እያወቅኩ «መጻፊያ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ አልጨመርኩም።