የምዕራፍ ሁለቷ ምስክር

ሽታዬ በጋሽ ደግፌ ላይ የያዘችው ቂም አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ያኔ ከሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የመዘምራኑ ኪቦርድ ተሰረቀ። ጋቢ የተከናነበ ሰው ኪቦርዱን ተሸክሞ በጓሮ በር ሲወጣ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ጠሯት፣ ያየችውን ተናገረች፣ ጸሐፊው ጋሽ ደግፌ ጻፉ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናትና አንብቡልኝ ማለት አሳፈራት፤ ዝም ብላ ፈረመች። በማግስቱ በጉባኤ ፊት ሲነበብ ወረቀቱ «አንዲት ሴት ወጣች» ይላል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምትይዝ ሴት ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ብሩክታይት። እሷም ከሥራዋም፣ ከመዘምራንም፣ ከጌታ እራትም ታገደች።

«እኔ ወጣ ነው ያልኩት» አለች ሽታዬ።

«ወጣች ነው ያልሽው» አሉ ጋሽ ደግፌ።

ቃሏን ቀየረች ተባለ። ሽታዬ ግን አላልኩም ካለች አላለችም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሚሰማትም ለማይሰማትም ስትምል ኖረች።

አሁን ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት። የቦዬ ሥር ቀቅላ በዳታ፣ በቃሪያና በቅመም ማባያ፣ ታቀርባለች፤ ዳታዋ የማያቃጥለው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንጀል ድራማው ሲደገም ቤቱ ይሞላል። ጋሽ ደግፌም ጡረታ ከወጡ ወዲህ አይቀሩም፤ ሂሳባቸውን ከፍለው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ከሻይና ከስኳር በቀር ሁለቱ የሚነጋገሩት ነገር የለም።

በዚያ ቅዳሜ ግን ጋሽ ደግፌ ጭናቸው ላይ ሰማያዊ ፋይል ይዘው ነበር። ሽታዬ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ብሩክታይት አረካ ከተማ፣ ልጇ ቤቴል ዘንድ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የዚያው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ያለ መሸኛ ደብዳቤ በአባልነት አልቀበልም ብሏታል። ሽማግሌዎቹ በመሸኛው ላይ ለመወሰን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። ረቂቁን የጻፉት አሁንም የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ የሆኑት ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ «በሥነ ሥርዓት የታገደች» የሚል ቃል አለበት። እሱን ይዛ ከሄደች አረካም በሩን ይዘጋባታል።

«ይሄ ምዕራፍ ሁለት ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል» አሉ ጋሽ ደግፌ ለጎረቤታቸው።

«ምኑ ነው የሚበልጠው?» አለች ሽታዬ ከወደ ምድጃው። «በፊት መርማሪው ሰው ይጠይቅ ነበር። አንድ ነገር ሦስቴ ይጠይቃል። አሁን መኪና ያበራል፣ ይተኩሳል፣ ስልክ ይጎረጉራል። ይቺን ምስክር አንዴ እንኳ በደንብ ጠይቋታል?»

ምስክሯ ከገጠር የመጣች በቆሎ ሻጭ ናት። ባለሀብቱን የገደለውን ሰው አይታለች። አፏን በከፈተች ቁጥር ግን አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ቤቱም ይስቃል። ሽታዬ አንዴም ስቃ አታውቅም።

«ምኗን ይጠይቃታል?» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ቃሏ እርስ በርሱ አይገጥምም። ገዳይዋ ራሷ ናት፤ ታያላችሁ።»

ሽታዬ ብርጭቆ የምታጥብበትን እጇን ከውሃው አወጣች። በቴሌቪዥኑ መርማሪው በቆሎ ሻጯን አስሮ ይሄዳል። ወዲያው አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ በጓሮ አጥር ሾልኮ ሲወጣ ታየ።

«ያቻት፣ ወጣች» አለች ሽታዬ በእርጥብ ጣቷ እየጠቆመች። «በጓሮ ወጣች፣ እናንተ ይቺን ምስኪን ገዳይ ትላላችሁ።»

«ማን ወጣች?» አለ ኤርካሎ፣ ባጃጁን ደጅ አቁሞ የገባው።

«ኮት የለበሰችው ናታ። ገዳይዋ።»

«እትዬ ሽታዬ፣ ጢም ያላት ሴት ዛሬ ገና አየሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደግፌ ብቻ አልሳቁም። ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ያኔም እንዲሁ ነው ያልሽኝ» አሉ።

ሽታዬ የጠቆመችበትን ጣቷን አጠፈች። በወላይትኛ ስታወራ ወንድና ሴት ተምታቶባት አያውቅም። አማርኛ ሲሆንና ስትቸኩል ግን ምላሷ እንዳሻው ይሄዳል፤ የሚያውቋት ሁሉ የለመዱት ነገር ነው። ራሷን ስትሰማ ግን ገና ዛሬ ነው። እንዳትክድ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቷል። ብሩክታይትን ያሳገደው የጋሽ ደግፌ ብዕር ብቻ ሳይሆን የእሷም አፍ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«ምኑን?»

«ወንድ ናት ሴት ብለው።»

ኤርካሎ ሊስቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል» አሉ ጋሽ ደግፌ።

«ዛሬ ስብሰባው ላይ እገባለሁ።»

«አልተጠራሽም። ደግሞስ ምን ልትይ ነው? አሥራ አንድ ዓመት አላልኩም ስትዪ ኖረሽ?»

ይሄኛው ጠልቆ ገባ። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ ተመልካቹ ጮኸ።

«ሂሳብ የለባችሁም፣ ውጡ» አለች። «ኤርካሎ፣ ባጃጁን አስነሳ። ጋሼ፣ ይግቡ፣ አብረን ነን።»

በመንገድ ላይ ጋሽ ደግፌ ፋይሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ሽታዬ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

አምስቱ ሽማግሌዎች ለጸሎት ሊቆሙ ሲሉ ደረሱ። ሽታዬ እስኪጨርሱ ጠብቃ ከበሩ ላይ ተናገረች።

«ወጣች ብያለሁ። ጋሽ ደግፌ ያልኩትን ነው የጻፉት። አማርኛዬ ነው የሳተው፤ እሱን ደግሞ ማመን አቅቶኝ ኖርኩ።» ከአምስቱ ወደ አንዱ ጠቆመች። «አሁን በአፍ መፍቻዬ ልናገር። ወንድም ኤልሳዕ መምህር ነው፣ ሁለቱንም ያውቃል፣ እሱ ይጻፍ።»

«እህት ሽታዬ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ሰውየው ጋቢ ተከናንቦ ነበር ብለሻል። ፊቱን ካላየሽ ወንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ይሄን ጥያቄ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። በወላይትኛ መለሰች፤ ረጋ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትሰብር። ኤልሳዕ ይጽፍ ይጽፍና ብዕሩን አነሳ።

«ኪቦርዱን አጥሩ ሥር አስቀምጦ፣ ቆሞ ሸና። ይሄም ይጻፍ?»

«ይጻፍ። ያኔ በሽማግሌ ፊት አፍሬ ያስቀረሁት እሱን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አሳለ። ኤልሳዕ ጽፎ ሲጨርስ በወላይትኛ አነበበላት፣ ከዚያ በአማርኛ። አማርኛውን ሦስት ጊዜ አስደገመችው፣ ከዚያ ፈረመች።

«ጥሩ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «እንጸልይበትና በሚቀጥለው ወር እናየዋለን።»

ሽታዬ ግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱን አንስታ በሩ መሐል አስቀመጠች፣ ተቀመጠችበትም።

«ጸልዩ» አለች። «እኔ መሸኛው ሳይጻፍ አልነሳም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ደግፌ ፋይላቸውን ከፈቱ፤ ረቂቁን አውጥተው ለሁለት ቀደዱና ከኤልሳዕ ንጹሕ ወረቀት ጠየቁ።