ጋራዡ ውስጥ የሚጮኸው ላፕቶፕ

መካኒኩ «ጆሮው ሐኪም ነው» ይባልለታል። ኮፈን ሳያስከፍት «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ካለ ሦስተኛው ካንዴላ ነው፤ አለቀ። ደንበኛ የሚጎርፍለት ለዚሁ ጆሮው ነው፤ ቤቱ የሚተዳደረውም በሱ ነው። አመሉ ግን አይጣል ነው። ሰሞኑን ከድምፅ ሁሉ ጋር ተጣልቷል። ቤት ሲገባ «ይጮኻል» እያለ ደህናውን ፍሪጅ ሁለቴ ፈታው፤ ጋራዥ ሲውል ደግሞ ልጁ የሰጠችውን ላፕቶፕ ይራገማል።

ላፕቶፑ ልጅቷ ተማሪ ሳለች ጌም ስትጫወትበት የኖረችው ነው። አርጅቶ ዊንዶውስ መሸከም ሲያቅተው ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ልትጭንበት ቃል ገባች። ኮምፒውተር መጠገን እንጀራዋ ስለሆነ ነገሩን አቅልላ ነው የመጣችው፦ ሦስት ፍላሽ፣ ሦስት ዓይነት ሊኑክስ፣ አባዬ የወደደውን ይምረጥ።

መጀመሪያ ኡቡንቱን አስነሳችለት።

«ያምራል» አላት። «ግን ይጮኻል። ደንበኛ የሚለኝን እንኳ አልሰማም።»

ሚንትን ሞከረች።

«ይሄም ያው ነው፣ ልጄ።»

ያ የጌም ካርድ ይሆናል ያለ ሥራ እየነደደ ማራገቢያውን የሚያስጮኸው፣ አለች በሆዷ። ቀለል ያለውን ሉቡንቱን አስነስታ ካርዱን ጨርሶ ዘጋችው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ ጋራዡ ጭጭ አለ። ልጅቷ ኮራ ብላ አባቷን አየችው።

«አሁንስ አባዬ?»

«ብሶበታል እንጂ!»

የሚቀልድባት መስሏት ሳቋ መጣ። ፊቱን ስታየው ግን አይቀልድም። እንዲያውም የቱ ጋ እንደሚጮኽ ሊያሳያት ጣቱን ወደ ላፕቶፑ ግራ ጎን ቀሰረ፤ ለደንበኛ ካንዴላ ሲያሳይ እንደሚያደርገው። ማጥፊያውን ተጫነች። ስክሪኑ ጠቆረ።

«አጥፍቼዋለሁ» አለችው።

አላመናትም። ሠላሳ ዓመት ሞተር የዳበሰ እጁን ክዳኑ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ምንም አይርገበገብም። ገልብጦ ባትሪውን በገዛ እጁ ነቀለው። ከዚያ ዞር ብሎ ኮምፕሬሰሩን አየ፤ ጠፍቷል። ደጅ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ጠፍተዋል።

ልጅቷ አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም።

እሱ ባትሪውን እንደያዘ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ፍሪጁ ደህና ነበር ማለት ነው» አላት።