የፈጠነው መልስ

ፕሮግራመሯ የአምቡላንስ ጥሪ በሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስልክ ተቀባይዋ፣ ሁሉም «እታለም» የሚሏት ሴት፣ የደዋዩን አድራሻ ጽፋ «ላክ» የሚለውን ስትጫን መልሱ እስኪመጣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ጥሪ ሲበዛማ ደቂቃ ይሞላል።

ሦስት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ስትፈልግ ቆይታ ምክንያቱን አገኘችው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥሪ መልእክቶች ተራ ከሚጠብቁበት ወረፋ ጋር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ፈቃድ ይጠብቃል፣ አንዲት መልእክት አስቀምጦ ይዘጋል። ለሚቀጥለው ጥሪ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። እሷ ግንኙነቱ አንዴ ተከፍቶ እንዳይዘጋ፣ ጥሪዎቹ ሁሉ በሱው እንዲመላለሱ አደረገች። ቢቋረጥ እንኳ ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ ይቀጥለዋል።

ማስተካከያው ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ዋለ። ኃላፊው ሙከራውን አይቶ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ደስ ብሏት እታለም አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስልኩ ጮኸ። እታለም አድራሻውን ጽፋ ተጫነች። ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ «ነጻ መኪና የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ፕሮግራመሯ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

«ኧረ ደህና ነው። ከስድስቱ መኪኖች አራቱ ጋራዥ ከገቡ ከረሙ፤ የቀሩት ሁለቱም ሁሌ ጥሪ ላይ ናቸው። ድሮም መልሱ ይሄው ነበር።» እታለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብቻ ያኔ መልሱ እስኪመጣ ሰውየውን ትንሽ አጽናናው ነበር። ስሙን እጠይቀዋለሁ፣ ‹አይዞህ፣ እያየሁልህ ነው› እለዋለሁ። አሁን ምን ልበል?»

ፕሮግራመሯ ኃላፊው ዘንድ ሄደች።

«የመኪናው ነገር የኛ ክፍል አይደለም» አላት ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል።»

ስትመለስ እታለም ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ስልኩ ይጮሃል። አነሳችው። ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወድቀው መናገር አቅቷቸዋል። አድራሻቸውን ጻፈች፣ ተጫነች።

«አባባ፣ መኪና የለም።»

ከኋላቸው የሚያቃስት ሰው ይሰማል።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ቶሎ መንገርሽ ጥሩ ነው። በቃ፣ ጎረቤት ላስቸግር።»

ዘጉት። ጎረቤታቸው መኪና ይኑረው አይኑረው አልጠየቀቻቸውም። ሌላኛው መስመር መጮህ ጀምሯል።