ሰባተኛው በር

«እሱ እኮ ዝንብ እንኳ ገድሎ አያውቅም» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ።

መካኒኩ ሳል የያዘው አስመስሎ ፊቱን አዞረ። ሟቹ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ የመጣው ሁሉ ስለ በግ እንደሚያወራ ነው የሚያወራው። የመካኒኩን ግራ ዓይን ያጠፋው ይኸው በግ መሆኑን ከእናታቸው በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እሳቸውም ምስጢሩን ይዘው ተቀብረዋል።

ታላቁ በወጣትነቱ በያጅ ነበር። «መዶሻው» ይሉት የነበረው ግን ለሙያው ሳይሆን ለቡጢው ነው። አንድ እሑድ ታናሹ ሳያስፈቅድ ብስክሌቱን ወስዶ ጎማውን አፈንድቶ መለሰለት። ታላቁ በእጁ በያዘው ብረት ፊቱን አለው። እናታቸው ደሙን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ «ወድቆ ነው» ብለው ለሐኪሙ ዋሹ። መዶሻው በዚያው ሳምንት ከከተማው ጠፋ፤ በሁለት ዓመቱ ሲመለስ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ነበር።

የወንጌል ሬድዮውን የጀመረው ከብየዳ ቤቱ ጓዳ ነው። የአንቴናውን ምሰሶ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ በየደው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ፣ ያሉትን ሦስት መዝሙሮች እያፈራረቀ ያሰማ ነበር። ነፋስ ምሰሶውን ሁለቴ ጣለው፤ ሁለቴም አቆመው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጣቢያው የከተማው ሰዓት ሆነ፤ ሰው በእሱ ይነሳል፣ ከብት የጠፋበት በእሱ ያስነግራል። ታናሹም ጋራዡ ውስጥ ከፍቶ ይሰማው ነበር። ስለ ዓይኑ ግን ሁለቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ታላቁ በሞተበት ማክሰኞ ጠዋት መካኒኩ መኪና ሥር ተጋድሞ ሳለ መዝሙሩን የሚውጥ የበር ድብደባ በሬድዮው ገባ።

«ሚስቴን አውጣ!» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው።

«አልከፍትም። ተመለስ፣ ወንድሜ።» የታላቁ ድምፅ ነው።

በሩ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

«እጄን አላነሳብህም። ግን አታልፍም።»

ከዚያ ብረት ሥጋ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው ላይ አጥንት ተሰበረ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበርና ከተማው በሙሉ ሰማ። መካኒኩ መፍቻውን እንደጨበጠ ሲሮጥ በየሱቁ ያለው ሬድዮ ምቱን እያሰማ ተከተለው። ሲደርስ ጎረቤት ገዳዩን መሬት ላይ አጋድሞ በገመድ አስሮታል። ወንድሙ የጓዳውን በር ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ግን ፊት አልነበረም። መዝሙሩ አላለቀም።

«መጣች» አለ ከሐዘንተኞቹ አንዱ።

ሹክሹክታው ቤቱን ዞረ። በሩ ላይ የገዳዩ ሚስት ቆማለች፤ ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ዓይኗን በጨው አጥባ።»

«በእሷ ጦስ አይደል እንዴ?»

መካኒኩ ተነሳ። ማንም ሳይደርስበት ትከሻዋን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

«እዚህ ከተማ ሌላ በር አልነበረም? ለምን እሱ ጋ ሄድሽ?»

«ባሌ ጣቶቼን በብረት ቀጥቅጦብኝ ነው የወጣሁት» አለች፣ ሳትታገለው። «ስድስት በር በክርኔ አንኳኳሁ። ሰባተኛው የእሳቸው ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሲኒያቸው አቀረቀሩ። 

«ጓዳ ሲያስገቡኝ፣ ልሂድልዎት፣ ተከትሎኝ መጥቶ ይገድልዎታል አልኳቸው። ‹አውቀዋለሁ፣ እህቴ› አሉኝ። ‹እኔም እንደሱ ነበርኩ። የታናሽ ወንድሜን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት እስከ ዛሬ አፍ አጣሁ። ያን ቀን በመካከላችን የቆመ ሰው አልነበረም።› ይህን ብለው በሩን ዘጉልኝ።»

ሐዘንተኛው ሁሉ የመካኒኩን ግራ ዓይን አየ። እሱ ትከሻዋን ለቀቀ። የራሱን ወንበር ሳበላት።

ቡና ቀረበላት። በፋሻ የታሰሩት እጆቿ ሲኒውን ለመያዝ ሞከሩ፤ አቃታቸው። መካኒኩ አጠገቧ በርከክ አለ፤ ሲኒውን በዘይት በጠቆሩት ጣቶቹ አነሳና እፍ ብሎ አብርዶ ከከንፈሯ አስጠጋላት።